ቆጠራ፣ ሻጋታና የተያዘ ወንበር፦ የላይብረሪ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ ላይ «እኔም ለዓመታት ላይብረሪ ውስጥ ሠርቻለሁ» ብዬ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ያቺ መስመር ጣጣ አመጣች። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ መደርደሪያ፣ ስለ ቆጠራ፣ ስለ ማኅተም ሆኗል። ግማሹ ከሠራተኛ ነው፣ ግማሹ ከአንባቢ። ሰኔም ገብቷል። ዝናቡም ንብረት ቆጣሪውም አንድ ላይ የሚመጡበት ወር ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ትቼ እነዚህን ልመልስ። ስም አልጽፍም፣ ሰፈር ብቻ። ባሕር ዳር ላይ ሰፈር መጻፍ ስም ከመጻፍ አይተናነስም የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ አንዳንዱን ሰፈርም የዘለልኩት ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማዋሻ ክፍል ነው የምሠራው። መጽሐፎቹ ሁሉ በኔ ፊርማ ወጪ ሆነዋል። በቆጠራ የጎደለ ከተገኘ ከደመወዝሽ ይቆረጣል ተብያለሁ። ጥሩ ጥሩዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኳቸው። አንባቢ ይቆጣኛል። ምን ላድርግ?» (ከሽምብጥ)

እህቴ፣ አልፈርድብሽም። እኔም ቆልፌ አውቃለሁ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ልክ በዚህ ወር፣ ሁለት የንብረት ክፍል ሰዎች መዝገባቸውን ይዘው መጡ። እነሱ ቁጥር ይጠራሉ፤ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የመጽሐፉን ጀርባ አይቼ «አለ» እላለሁ። «አለ»፣ «አለ»፣ «አለ»፣ ከዚያ ዝም። ዘጠኝ ጊዜ ዝም አልኩ። ዘጠኙም በስሜ ተጻፉ፤ ዋጋቸውን በየወሩ ቆራርጬ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቁም ሳጥኑ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግድግዳው ቀለም ሊቀባ ያው ቁም ሳጥን ሲነሳ፣ ከዘጠኙ ሦስቱ ከጀርባው ወድቀው ተገኙ። አቧራ ጠጥተዋል፤ አንዱን አይጥ በልታዋለች። ገንዘቡ ግን አልተመለሰልኝም።

ነገሩ ያንቺ ፍርሃት ብቻ አይደለም። መጽሐፍ እንደ ወንበር እየተቆጠረ ነው። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ ንብረት ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ወጪ ይሆናል፣ የፈረመው ሰው ይጠየቅበታል። ለወንበር ጥሩ ነው። መጽሐፍ ግን ሥራው መውጣትና መግባት ነው። ሙሉ ቀን የስንት ሰው እጅ የሚነካውን ነገር በአንዲት ሴት ፊርማ አስሮ ሰኔ ላይ «የት አለ?» ማለት አያስኬድም። ሦስት ሰው በፈረቃ አንድ ቁልፍ እየተቀባበለ አንድ ሰው ብቻ ከተጠየቀማ ጭራሽ።

ስለዚህ ቁልፉን ከመፍታትሽ በፊት አንዲት ገጽ ወረቀት አስፈርሚ። በቃል አይሆንም። ገጿ ላይ እነዚህ ይኑሩ። ተመዝግቦ፣ ተዋሹ ፈርሞ የወሰደው መጽሐፍ ተጠያቂው ተዋሹ ነው። ከክፍት መደርደሪያ ላይ የጠፋ ደግሞ መጀመሪያ በኮሚቴ ይጣራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፤ ቸልተኝነት ሳይታይ ወደ ደመወዝ አይሮጥም። በየፈረቃው ርክክብ አለ፤ ሁለት ፊርማ፣ አንድ መስመር። ይህን ይዘሽ ኃላፊሽ ዘንድ ስትገቢ «ይህ ሁሉ ለአንድ መጽሐፍ?» ይልሽ ይሆናል። «ከደመወዜ የሚቆረጠውም ለአንድ መጽሐፍ ነው» በይው።

ሌላው፣ ሰኔን አትጠብቂ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አንድ መደርደሪያ ቁጠሪ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በጥቅምት የጠፋ መጽሐፍ በጥቅምት ከተፈለገ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ወይ የተሳሳተ ቦታ ገብቷል፣ ወይ አንዱ ተማሪ ነገ ሊያነበው ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ደብቆታል። (ይህን የማያደርግ ተማሪ አላየሁም። እኔም አድርጌዋለሁ።)

መጽሐፍ የጠፋበት ተዋሽ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ራሱን መጽሐፍ ገዝቶ እንዲተካ ጠይቂው። ገበያ ላይ ከሌለ በተወሰነው ዋጋ ይክፈል፤ ክፍያው ግን ፋይናንስ ገብቶ፣ በደረሰኝ። «ላንቺው ልስጥሽ፣ ቸኩያለሁ» ቢልሽ እጅሽን ሰብስቢ። በላይብረሪ ሥራ ስሙ የጠፋ ሰው ሁሉ የጠፋው በሃያና በሠላሳ ብር ነው።

ቁም ሳጥኑስ? ክፈቺው። በእውነት የማይተካ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ካለ «እዚሁ የሚነበብ» የሚል ምልክት ለጥፈሽ ከጠረጴዛሽ ኋላ አድርጊው። ስሙ ካታሎግ ላይ ይኑር፤ አንባቢው ይጠይቅ፣ አንቺም ስጪው። የቀረው ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

ጥያቄ፦ «አንባቢ ስልክ ቻርጅ ላድርግ ሲል እንፍቀድ?»

ፍቀዱ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ሶኬት መከልከል ጠብ መግዛት ነው። ግን ሠራተኛ ስልክ አይረከብ። ጠረጴዛችሁ ላይ አራት ስልክ ተደርድሮ አንዱ ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው? ገመድም መተላለፊያ ላይ አይዘርጋ። አለቀ።

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተሩ ላይ በርዕስ ስፈልግ የለም ይለኛል። መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሠራተኛው 'ሲስተሙ ነው' ይለኛል። ርዕሱ ውስጥ 'ፀሐይ' የሚል ቃል አለ።» (ተማሪ፣ ከፔዳ)

ሲስተሙ አይደለም፤ ፊደላችን ነው። ለእኔና ለአንተ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። እስቲ ቁጠረው። የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ሁለት ዓይነት፣ ሁለተኛው ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ ስድስት ፀሐይ ወጣ። ሃ፣ ሓ እና ኃን የሚጽፍ ሰው ካለ አሥራ ሁለት። መዝጋቢው በአንዱ ጻፈው፣ አንተ በሌላው ፈለግከው፣ ማሽኑ «የለም» አለ። ዓለም፣ ሠራዊት፣ ኃይል፣ ዕድል የሚሉት ሁሉ ያው ጣጣ አለባቸው።

ይህ የሠራተኛ አሠራር ጉዳይ ነው። ሲመዘገብ ርዕሱ በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ እንደታተመው ይጻፋል፤ ደራሲው የመረጠውን ፊደል አናርምም። ከዚያ ግን «ተለዋጭ ርዕስ» የሚባለው ቦታ ላይ ሌላው አጻጻፍ ይጨመራል። ሁሉም መዝጋቢ የሚከተለው አንድ ስምምነት ይኑር። እኛ ጋ ከኪቦርዱ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት ነበረች፤ ጠርዟ በሻይ ቡናማ ሆኖ እንኳ ማንም አያነሳትም ነበር።

የደራሲ ስምም አለ። ብዙው ሶፍትዌር የተሠራው ደራሲን በቤተሰብ ስም ለሚደረድር አገር ነው። «የመጨረሻ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ መዝጋቢው የአባት ስም ይሞላል፤ ከበደ የሚባለው ደራሲ አለሙ ሆኖ አ ላይ ይደረደራል። ሌላው መዝጋቢ ደግሞ በከበደ ከ ላይ ያስገባዋል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ይግባ፣ የአባቱ ስም ይከተል፣ መሐል ላይ ነጠላ ሰረዝ አያስፈልግም። ዶክተር፣ አለቃ፣ ደጃዝማች የሚለው ደግሞ ከፊት አይግባ። አለበለዚያ ደ ላይ አንድ ሙሉ የጦር ሠራዊት ይሰለፋል።

እስከዚያው አንተ በርዕሱ ሌላ ቃል ፈልግ። ካልሆነ በቁጥሩ ወደ መደርደሪያው ሂድ፤ ለምሳሌ መጽሐፍ ሁሉ በርዕሰ ጉዳዩ ቁጥር በሚያገኝበት በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ሠራተኛውንም «እባክህ አብረን እንይ» በለው። «ሲስተሙ ነው» ብሎ ወንበሩ ላይ መቅረት መልስ አይደለም።

ጥያቄ፦ «የልጄን የውሰት ዝርዝር አሳዩኝ ብል ተከለከልኩ። አባቷ አይደለሁም እንዴ?» (ከአባይ ማዶ)

ጋሼ፣ አባትነትዎን ማንም አልካደም። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ እንደሆነ ጽፈዋል። የውሰት መዝገብ የሚያዘው መጽሐፉ እንዲመለስ ነው፤ ማን ምን አነበበ ለማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብም የአንባቢን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ተደርጎ ተቀምጧል። ሠራተኛው ለእርስዎ እምቢ ያለው ነገ ለጎረቤትም፣ ለአስተማሪም፣ ለባለሥልጣንም እምቢ እንዲል ነው። ፖሊስ እንኳ ቢመጣ በጽሑፍ ለኃላፊው ይቀርባል እንጂ ከማዋሻ ጠረጴዛ ላይ አይመለስለትም። ትንሽ ልጅ ሆኖ እርስዎ ዋስ ሆነው ከፈረሙ ግን ያልተመለሰው መጽሐፍና ዕዳው ይነገርዎታል። ለዚች ልጅ ግን መንገዱ አጭር ነው፤ ማታ ቡና ሲፈላ «ምን እያነበብሽ ነው?» ይበሏት።

ለሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። አሁንም በካርድ የምታዋሱ ካላችሁ፣ የተዋሾች ስም የተጻፈበትን ካርድ መጽሐፉ ኪስ ውስጥ አትተዉት። ከእናንተ ዘንድ ይቅር። በኛ ጊዜ አንድ ጎረምሳ የሚወዳትን ልጅ ስም ከካርድ ካርድ እያደነ፣ እሷ ያነበበችውን ሁሉ ተራ በተራ ይዋስ ነበር። በኋላ ተጋቡ አሉ። ቢሆንም ካርዱ ከእናንተ ዘንድ ይቅር።

ጥያቄ፦ «ዓርብ በ5፡30 ደረስኩ፣ ተዘግቷል። በሌላው ቀን እስከ 6፡30 ክፍት ነው። ለምን?»

የመንግሥት የሥራ ሰዓት ነዋ። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ የጁምዓ ሶላት ታስቦ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሠራተኛው አላጠፋም። ላይብረሪ ግን እንደ ቢሮ በምሳ ሰዓት መዝጋቱ ራሱ ያሳዝነኛል፤ ተማሪ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሰው ካለ ምሳ በየተራ መብላት ይቻላል። ያ እስኪሆን ሰዓቱን በሩ ላይ ለጥፉ፤ የዓርቡን ለብቻ፣ በትልቁ።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ጠዋት በ2፡30 ስገባ ወንበሩ ሁሉ ላይ ደብተር አለ፣ ሰው ግን የለም። ሠራተኛ ስጠይቅ 'ተይዟል' ይለኛል።»

ይህን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ግማሽ ውሃ የቀረው ሃይላንድ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ወንበር ይዞ ዋለ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ውሃውን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ስትንቀጠቀጥ ቁጭ ብዬ አየሁ። አርባ ሰው ቆሞ ነበር። ሃይላንዱ ግን አጥብቆ አነበበ።

በኋላ የሠራልን አሠራር ይኸው። ሠራተኛ በየሰዓቱ ይዞራል። ሰው የሌለበት ዕቃ ካገኘ ሰዓቱን የጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጣል። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ባለቤቱ ካልመጣ ዕቃው ተነስቶ ማዋሻው ጋ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ለቆመው ይሰጣል። ዕቃ ሲነሳ ሁለት ሠራተኛ ይሁን፤ ቦርሳ አይከፈት፤ ምን እንደተነሳ ይጻፍ። አለበለዚያ «ካልኩሌተሬ ውስጡ ነበር» የሚል ይመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ጩኸት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለመዳል።

ግን ይህ የሚሠራው የሠራተኛው እህትም ስትነሳ ነው። አንዷ ባልደረባችን ለወንድሟ ሁልጊዜ የመስኮቱን ወንበር ትይዝ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ያቺ ወንበር ሳለች ወረቀታችንን ማንም አላከበረውም። አንተም ኃላፊውን «አሠራር አላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። በደንብ ጠይቅ፣ ሳትቆጣ።

ጥያቄ፦ «ላይብረሪያችን ሐይቁ አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ መጽሐፎቹ ይሸታሉ፣ ነጭ ነገር ያወጣሉ። አውጥተን ፀሐይ ላይ እናስጣቸው?»

አታስጡ! እንደ በርበሬ አይደለም። ቀጥታ ፀሐይ ሽፋኑን ያቆለምመዋል፣ ሙጫውን ያደርቀዋል፣ ቀለሙን ያነጣዋል። ያ ነጭ ነገር፣ ስትነኩት እንደ በሶ ዱቄት ጣት ላይ የሚቀረው፣ ሻጋታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ሲቆይ ይነሳል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡም ሐይቁም አንድ ላይ ነው የሚያርሱን።

መጀመሪያ የታመመውን ከጤነኛው ለዩ። ሌላ ክፍል፣ ወይም ካርቶን ላይ። የሚነካው ሰው አፍንጫና አፉን ይሸፍን፣ ጓንት ያድርግ። ብዙ ጊዜ ይህ ሥራ የሚጣለው በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው፣ ያለ ማስክ። ከሁላችን ያነሰ ደመወዝ የምታገኘው እሷ፣ ሻጋታውን የምትስበው እሷ። ማስኩ ይገዛላት።

ከዚያ መጽሐፉን አቁማችሁ ገጾቹን እንደ ማራገቢያ በትኑት፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት። ቬንትሌተር ካለ ክፍሉን ያናፍስ እንጂ በቀጥታ መጽሐፉ ላይ አታዙሩት። ሳይደርቅ አትጥረጉ፤ እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ ወደ ውጭ አውጥታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ከራሳችሁ ወዲያ ጥረጉት። ጣሪያ አፍስሶ የራሰ መጽሐፍ ካለ ደግሞ አትዘግዩ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ይሻግታል። በየጥቂት ገጹ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስገቡ፣ ሲርስ ቀይሩ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ይቅደም፤ ያ አንዴ ከተጣበቀ እንደ ጡብ ነው።

ለወደፊቱ የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። መጽሐፍ ተጨናንቆ አይታጨቅ፤ አየር ይግባ። ዝናቡ ሲያባራ መስኮት ክፈቱ፣ ሲዘንብ ዝጉ። ወለል የሚወለወለው በተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። ፍሊት መጽሐፍ ላይ አትንፉ፣ ለመጽሐፉም ለአንባቢውም መርዝ ነው። ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው፤ በዚያው ቀን ለኃላፊ ይነገር፣ በነጋታው አይደለም።

ጥያቄ፦ «አንድ ሰውዬ የብራና መጽሐፍ በፌስታል ይዞ መጣ። 'ከዘጌ ነው ያመጣሁት፤ ግዙኝ፣ ካልሆነ አስቀምጡልኝ' አለ። ኃላፊ አልነበረም። ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ቢያጣህ አይገርመኝም። የጣና ደሴቶችና የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ብራና የሞላባቸው ናቸው። ይህ የአያቱ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ዕቃ ቤት የወጣም ሊሆን ይችላል። አንተ ዳኛ አይደለህም፤ ሰውየውንም ሌባ አትበለው። ግን መሳቢያህ ውስጥ እስካለ ድረስ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ዛሬውኑ ሁለት ምስክር ባለበት ጻፈው፤ መቼ መጣ፣ ማን አመጣው፣ ምን ይመስላል፣ ስንት ቅጠል ነው። ለኃላፊህ በጽሑፍ አስረክብ። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በደብዳቤ ይሄዳል፤ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፣ ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ። መግዛት የላይብረሪ ሥራ አይደለም። በአደራ ማስቀመጥም ያለ ኃላፊ ፊርማ አይሆንም። ቀጥሎ የሚመጣውን «በር ላይ ጠብቀኝ፣ ኃላፊ ልጥራ» በለው፤ እጅህ አይንካው።

እስከዚያው ከፌስታሉ አውጣው፤ ፌስታል ላብ ያጠራቅማል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ማኅተም አትምታበት፣ ቁጥር አትጻፍበት፣ የተቀደደ ቢኖር ፕላስተር አትለጥፍበት። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይም አታንጋለው። ይህን ሁሉ ያየሁት ሆኖ ነው የምነግርህ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ጣና በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። አንዷ ሠራተኛ 2007 አለችው፣ ሌላዋ 2015። የትኛዋ ናት የተሳሳተች?»

ባዮስፌር ሪዘርቭ ማለት ተፈጥሮውም የሰዉ ኑሮም አብረው እንዲጠበቁ የተመዘገበ አካባቢ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በኛ ሰኔ 2007 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 2015። ያጠፉት ዓመቱን ያለ አቆጣጠሩ መናገራቸው ነው። ማመሳከሪያ ክፍል የሚሠራ ሰው «ዓ.ም.» ወይ «እ.ኤ.አ.» ሳይል ቁጥር አይናገር። ልዩነቱ ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉን ከፍቶ ገጹን ማሳየት ነው። ልጁ ቁጥሩን ቢረሳ ገጹን አይረሳም።

ጥያቄ፦ «የላይብረሪ ጥበቃ ነኝ። ሰው የሚጠይቀኝ መጀመሪያ እኔን ነው። 'አንተ ፍተሻህን ሥራ፣ መልስ የኛ ነው' ይሉኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ዝም ልበል?»

አባቴ፣ ዝም አይበሉ። የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ ቦርሳ የት እንደሚቀመጥ፣ መታወቂያ ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ፣ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ፤ ይህን እርስዎ ይመልሱ፣ ተጽፎም ይሰጥዎት። የመጽሐፍ ጥያቄ ሲሆን «ያቺ መነጽር ያደረገችዋን ጠይቅ» ብለው ይምሩ። ፍተሻው ደግሞ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ኃላፊውም ሲወጣ ቦርሳው ይታይ። ሴቶችን ሴት ትፈትሽ።

እኛ ጋ የነበሩት ጥበቃ ማንበብ የተማሩት በጎልማሳነታቸው ነው። በር ላይ ቆመው የተመለሰውን መጽሐፍ ሁሉ ርዕሱን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ አንባቢው እየሳቀ ይገባል። ስለ እሳቸው ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ቆጠራ ላይ ያላችሁ፣ እስከ ሰኔ 30 ጥያቄ አትላኩልኝ። ከቁም ሳጥን ጀርባም እዩ።